በትንሽ ባለሸራ ጀልባ ላይ የቡም ድጋፍ ስለመግጠም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ ከ5 እስከ 8 ሜትር ርዝመት ላላቸው ጀልባዎች የሚሆኑ ሲሆኑ፣ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት በዋሽንግተን አቅራቢያ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከምጓዝባት፣ ካታሊና 22 ከተባለችው ጀልባዬ ነው።

ቡም ምንድን ነው? የቡም ድጋፍ ሲባልስ ምን ማለት ነው?

ቡም ከምሰሶው ተነስቶ ወደ ጀልባዋ ኋላ አግድም የሚዘረጋ፣ የዋናውን ሸራ የታችኛውን ጠርዝ ወጥሮ የሚይዝ ዘንግ ነው። ቃሉ ከደች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ዛፍ ማለት ነው። የጣናዋ የደንገል ታንኳ በዘንግና በመቅዘፊያ የምትሄድ እንጂ ሸራ የምትሰቅል ስላልሆነች፣ ለእነዚህ ዕቃዎች በአማርኛ የተለመደ ስም አልወጣላቸውም፤ ስለዚህ ቡም፣ ቫንግ (ቡሙን ወደ ታች የሚስብ ገመድ) እና ቶፒንግ ሊፍት (ቡሙን ከላይ አንጠልጥሎ የሚይዝ ገመድ) የሚሉትን ስሞች እንዳሉ ተቀብዬ፣ አማርኛው በሚበቃበት ቦታ ሁሉ ግን በአማርኛው እጠቀማለሁ።

የቡሙ የፊት ጫፍ ከምሰሶው ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ስለሆነ ቡሙ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። የኋላ ጫፉን በጉዞ ላይ ተሸክሞት የሚሄደው የተሰቀለው ሸራ ራሱ ነው። ሸራው ሲወርድ ቡሙ ተሸካሚ ያጣና ሰው ወደሚቀመጥበት የኋላ ክፍል ይወድቃል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርግ ማንኛውም ገመድ፣ ሽቦ፣ ባላ ወይም ዘንግ የቡም ድጋፍ ይባላል።

ጀልባዬ በጣም ትንሽ ናት፤ ድጋፍ በእርግጥ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግዎታል፤ እንዲያውም ጀልባዋ ባነሰች ቁጥር ሰዎቹ የሚቀመጡት በቀጥታ ከቡሙ ሥር ስለሚሆን ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል። የካታሊና 22 ቡም 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው። በእጅ ሲያነሱት ቀላል ይመስላል፤ ከነሸራው ከትከሻ ከፍታ ወርዶ ራስ ላይ ሲያርፍ ግን ሰው ይጎዳል። በመጀመሪያው ዓመቴ የመስቀያ ገመዱን ሳላስተውል ለቅቄው፣ ቡሙ አንድ ሕፃን ከተቀመጠበት ስፍራ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አርፏል። ስለዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። በቼሳፒክ በበጋው ወራት ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል የነጎድጓድ ደመና ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ኃይለኛ ነፋስ ያወርዳል። በዚያን ጊዜ ሸራው በፍጥነት መውረድ ወይም ከፊሉ ተሰብስቦ ማነስ አለበት። ድጋፍ የሌለው ቡም ካለ አንዱ ሰው ቡሙን በእጁ ተሸክሞ መቆም ግድ ይሆንበታል፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ መሪውን፣ ገመዱንና ቡሙን በአንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም።

ምን ምን ዓይነት ድጋፎች አሉ?

በትንንሽ ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚታዩት አራት ናቸው። አንደኛው ከኋላ ወጣሪ ሽቦ (ምሰሶውን ወደ ጀልባዋ ኋላ ወጥሮ ከሚያቆመው ሽቦ) ላይ የተንጠለጠለና በጫፉ መንጠቆ ያለው አጭር ሽቦ ነው። ሁለተኛው ከእንጨት ወይም ከቧንቧ የተሠራ፣ ከኋላ በኩል ቆሞ ቡሙን እንደ ጎጆ ባላ ተቀብሎ የሚያሳርፍ ባላ ነው። ሦስተኛው ከምሰሶው ጫፍ ወርዶ የቡሙን የኋላ ጫፍ ከላይ አንጠልጥሎ የሚይዝ ገመድ ሲሆን ስሙ ቶፒንግ ሊፍት ነው። አራተኛው ከምሰሶው ሥር ተነስቶ ቡሙን ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ዘንግ ሲሆን፣ ኃይሉን ከውስጡ ካለው ሞላ ወይም ጋዝ፣ አለዚያም እንደ ቀስት ከሚለጠጡ የፋይበር ግላስ ዘንጎች ያገኛል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ምንም ሳይገዙ ሊጠቀሙበት የሚችሉት አንድ ዘዴ አለ። ሸራው ከወረደ በኋላ የመስቀያ ገመዱን ከሸራው አናት ፈትተው ከቡሙ የኋላ ጫፍ ጋር ካያያዙትና ከወጠሩት፣ ጀልባዋ በቆመችበት ቡሙን በሚገባ ይይዛል። ይህ ዘዴ ሸራው በሚወርድበት በዚያው ቅጽበት ግን አያገለግልም፤ አደጋው ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ጀልባዋን ስገዛ ከኋላ ወጣሪ ሽቦ ላይ አጭር ሽቦ ከነመንጠቆው ነበራት። እሱ አይበቃም?

ጀልባዋ ታስራ በቆመችበት ጊዜ ይበቃል፤ በጉዞ ላይ ግን አይበቃም ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። መንጠቆው ቡሙን በጀልባዋ መካከለኛ መስመር ላይ ቆልፎ ይይዘዋል። በሸራ ስንጓዝ ድንገተኛ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ የመጀመሪያው መከላከያችን የሸራውን መቆጣጠሪያ ገመድ ለቅቆ ቡሙ ወደ ውጭ እንዲሄድና ነፋሱ ከሸራው እንዲያመልጥ ማድረግ ነው። ቡሙ በአጭር ሽቦ ታስሮ ከሆነ ገመዱን ቢለቁትም ቡሙ አይሄድም፤ ሸራው ነፋሱን እንደያዘ ይቀርና ጀልባዋ በጎኗ ትወድቃለች። መንጠቆውን ሳይፈቱ ሸራ መስቀል በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለስላሳ ነፋስ ባለበት ጠዋት ምንም የተፈጠረ ስለማይመስል ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ችግር መንጠቆውን ለማሰር ወይም ለመፍታት አንድ ሰው ከጀልባዋ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ መቆም ያለበት መሆኑ ነው። ማዕበል ባለበት ያ ቦታ ሰው ከሚወድቅባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አጭሩን ሽቦ ቆርጠው እንዲጥሉት አልመክርም፤ በወደብ ላይ ቡሙ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ለማድረግ ይጠቅማል። ነገር ግን ሸራው ከመሰቀሉ በፊት መፈታቱን በቃል ጠርቶ ማረጋገጥ የሁልጊዜ ልማድ ይሁን፤ እኔ መንጠቆው ላይ ደማቅ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ።

ቶፒንግ ሊፍት ልግጠም ወይስ ከታች የሚገፋ ዘንግ?

ለአብዛኛው ሰው መልሴ በቅድሚያ ቶፒንግ ሊፍት የሚል ነው። ገመዱና ጥቃቅን ዕቃዎቹ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገዛሉ፤ በምሰሶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ቢበላሽም ያለ ልዩ መሣሪያ ይጠገናል። ከታች የሚገፋው ዘንግ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ ምሰሶውንና ቡሙንም መብሳት ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ዘንጉ ዋጋውን የሚያወጣባቸው ሁኔታዎች አሉ። ብቻቸውን የሚጓዙ፣ ሸራውን ቶሎ ቶሎ የሚያሳንሱ፣ ወይም የሸራቸው የኋላ ጠርዝ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ከላይ ከሚወርደው ገመድ ጋር ዘወትር የሚጋጭባቸው ሰዎች በዘንጉ ይደሰታሉ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ በትክክል ከተገጠመ በኋላ ማንም ሳያስታውሰው፣ ቡሙ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ ሥራውን ይሠራል። ጀልባዋን በተሳቢ እየጎተተ በየጊዜው ምሰሶዋን የሚያወርድና የሚያቆም ሰው ግን ዘንጉን ሁልጊዜ መፍታትና መግጠም እንዳለበት አስቀድሞ ያስብ።

ቶፒንግ ሊፍት እንዴት ይገጠማል?

በመጀመሪያ ርዝመቱን ያስሉ። የካታሊና 22 ዋና ሸራ በምሰሶው በኩል 6.4 ሜትር፣ በቡሙ በኩል ደግሞ ወደ 2.9 ሜትር ይደርሳል። ከምሰሶው ጫፍ እስከ ቡሙ ጫፍ ያለው ሰያፍ መስመር እንግዲህ ከ7 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እኔ ሥራውን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። 6 ሜትር የሚሆነው የላይኛው ክፍል የማይስተካከል ሲሆን፣ በታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ቀለበት አለው። የታችኛው ክፍል ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ገመድ ነው፤ አንዱ ጫፉ ከቡሙ መጨረሻ ላይ ይታሰርና በቀለበቱ አልፎ ተመልሶ በቡሙ ጎን ላይ ባለ ገመድ መያዣ ይጠመጠማል። ገመዱ በቀለበቱ ስለሚዞር ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ማስተካከያውም ከመቀመጫዬ ሳልነሣ እጄ በሚደርስበት ቦታ ይሆናል።

ለላይኛው ክፍል የማይለጠጥ ገመድ ያስፈልጋል። ባለ 5 ሚሊሜትር ፖሊስተር በቂ ነው፤ ዳይኒማ የተባለው ደግሞ በ3 ሚሊሜትር ውፍረት እንኳ ከበቂ በላይ ጠንካራ ሲሆን ቀጭን በመሆኑ በነፋስ ብዙም አይንኳኳም። ናይለን ግን ስለሚለጠጥ ቡሙን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረገው ይሄዳልና አይመረጥም።

የላይኛውን ጫፍ የሚያስሩት ምሰሶው በወረደበት ጊዜ ነው። ቦታው የምሰሶው አናት የኋላ ጎን ይሁን፤ የዋናው ሸራ መስቀያ ገመድ በሚሽከረከርበት ካሩኮላ ላይ እንዳይደረብና እንዳይፋተግ ያስተውሉ። የኋላ ወጣሪ ሽቦ የታሰረበትን ስፒና ለሁለት ነገር ለመጠቀም የሚያስቡ ካሉ፣ ስፒናው ሁለቱንም ይዞ ኮፒሊያው በነጻነት የሚገባበት ርዝመት ከሌለው ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ ምሰሶውን ያቆመ ስፒና ለቡም ገመድ ሲባል ለአደጋ አይጋለጥም።

ሸራው በተሰቀለ ጊዜ ቶፒንግ ሊፍቱ ውጥር ነው ወይስ ልል መሆን ያለበት?

ልል መሆን አለበት። ሸራ ከመስቀልዎ በፊት ገመዱን ስበው ቡሙን ከተለመደው ከፍታው ጥቂት ከፍ ያድርጉ፤ ሸራው ሙሉ በሙሉ ከተሰቀለ በኋላ የቡሙ ክብደት ወደ ሸራው እስኪተላለፍ ድረስ ይልቀቁት። ካልለቀቁት ቡሙ በገመዱ ስለሚንጠለጠል የሸራው የኋላ ጠርዝ አይወጠርም፤ ሸራው ይሸበሸባል፣ ጀልባዋም ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ተጠግታ መሄድ ያቅታታል። ሸራውን ከማውረድዎ በፊት ደግሞ በተቃራኒው መጀመሪያ ገመዱን ይሳቡ፣ ከዚያ የመስቀያ ገመዱን ይልቀቁ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ቡሙ ይወድቃል፤ የገጠሙት ድጋፍም እንዳልነበረ ይሆናል።

የላላው ገመድ በሸራው ጠርዝ ላይ እየተጠለፈ ያስቸግረኛል። ምን ላድርግ?

በገመዱ የታችኛው ክፍል ላይ 60 ሴንቲሜትር ያህል የላስቲክ ገመድ በሁለት ቦታ ያያይዙ፤ ገመዱ ሲላላ ላስቲኩ ትርፉን ወደ ራሱ ሰብስቦ ከሸራው ያርቀዋል፣ ሲወጠር ደግሞ ላስቲኩ ተለጥጦ ክብደቱን ለገመዱ ይተዋል። ጀልባዋ በቆመችበት ሌሊቱን ሙሉ ምሰሶውን የሚደበድበውን ድምፅም ይቀንሰዋል።

ከታች የሚገፋው ዘንግ ምን ያህል ኃይል ይሸከማል?

ሰዎች ከሚገምቱት በጣም የሚበልጥ ኃይል ይሸከማል፤ አገጣጠሙ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። 3 ሜትር የሆነ ቡም ከታጠፈው ሸራ ጋር 10 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ክብደቱም በመካከሉ፣ ከማጠፊያው 1.5 ሜትር ላይ ያረፈ ነው። ቶፒንግ ሊፍት የሚያነሣው ከሩቁ ጫፍ ስለሆነ የሚደርስበት ግማሹ፣ ማለትም 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ዘንጉ ግን ቡሙን የሚገፋው ከማጠፊያው 75 ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ ነው እንበል። ርቀቱ የክብደቱ ርቀት ግማሽ በመሆኑ ወደ ላይ መግፋት ያለበት 20 ኪሎ ይሆናል። ዘንጉ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ በራሱ ርዝመት ላይ የሚጫነው 28 ኪሎ ነው፤ ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ካለ 40 ኪሎ ይደርሳል።

አሁን አንድ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ በቡሙ የኋላ ጫፍ ላይ በ40 ኪሎ ቢደገፍ፣ ያ ጉልበት በአራት እጥፍ ተባዝቶ 160 ኪሎ ወደ ላይ ይጠይቃል፤ በ45 ዲግሪ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ከ220 ኪሎ በላይ ነው። ይህን ሁሉ የሚይዙት ምሰሶው ላይ ያሉት ጥቂት ሪቬቶች ናቸው። በማንኛውም ዓይነት ድጋፍ ቡሙ መደገፊያ እንዳልሆነ ለተሳፋሪ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት መነገር አለበት፤ በተለይ ወደ ጀልባዋ ሲወጡ እጅ በተፈጥሮው የሚይዘው የመጀመሪያ ነገር ቡሙ ነው።

ዘንጉ በምሰሶውና በቡሙ ላይ የት የት ቦታ ይታሰራል?

ሁለት ነገሮች አብረው መሟላት አለባቸው። አንደኛው ያዘነበለበት መጠን ነው፤ ወደ 45 ዲግሪ የቀረበ ሲሆን ሥራው ይቀላል። ይህ ማለት ከማጠፊያው ወደ ታች ያለው ርቀትና በቡሙ ላይ ወደ ኋላ ያለው ርቀት እኩል የሚሆኑ ናቸው ማለት ነው። በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ቡሙ ከጀልባዋ ክፍል ጣሪያ ብዙም ከፍ ስለማይል ዘንጉ ይበልጥ ይጋደማል፤ እንዲህ ሲሆን በቡሙ ላይ ያለውን ማሰሪያ ወደ ኋላ ከማራቅ ይልቅ ለጠፍጣፋ አቀማመጥ ተብሎ የተሠራውን መጠን መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰዎች የሚዘነጉት ነው። ዘንጉ በምሰሶው ላይ የሚዞርበት ነጥብ የቡሙ ማጠፊያ ከሚዞርበት ነጥብ በቀጥታ ሥር፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሆን አለበት። አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ካፈነገጠ፣ ቡሙ ወደ ውጭ ሲከፈት በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል። ውጤቱም ቡሙ በመካከል ሲሆን ትክክል የነበረው ከፍታ ወደ ጎን ሲሄድ መዛባቱ፣ ወይም ዘንጉ ተጨናንቆ ማሰሪያውን ማጣመሙ ነው።

ካታሊና 22 ላይ ሦስተኛ ጉዳይ አለ። ምሰሶዋ የቆመው በጣሪያው ላይ ሲሆን ሥሩ ላይ ባለ ማጠፊያ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ብዙዎቹ ጀልባዎችም ከምሰሶው ኋላ ወደ ላይ ከፍ የሚል የጣሪያ ክፍል አላቸው። የዘንጉ ማሰሪያ ከዚያ ጣሪያ ጋር እንዳይጋጭና ምሰሶው ሲተኛ ጣሪያውን እንዳይወጋ፣ ከመብሳት በፊት ካርቶን ቆርጠው በቦታው ላይ ይሞክሩ። ይህች ጀልባ በፍራንክ በትለር ተነድፋ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከ15,000 በላይ የተሠራች ስለሆነች በዘመናት ውስጥ ብዙ ማሻሻያ ተደርጎባታል፤ በሌላ ሰው ካታሊና 22 ላይ የተለካ ልክ በእርስዎ ላይ ይሠራል ብለው አይመኑ።

ምሰሶውን መብሳት አያዳክመውም? ምን ዓይነት ማሰሪያስ ልጠቀም?

ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ተራርቀው ከተበሱና ጫፋቸው ከተስተካከለ፣ ምሰሶውን ለአደጋ አያጋልጡም። አደጋው ቀዳዳዎቹን በአንድ አግድም መስመር ላይ በምሰሶው ዙሪያ መደርደር ነው፤ እንዲህ የተበሳ ቧንቧ እንደ ቴምብር ጠርዝ ለመቀደድ የተዘጋጀ ይሆናል። ከአሮጌ ቀዳዳ አጠገብም አይብሱ። በብዙ ምሰሶዎች ውስጥ የመብራት ሽቦ፣ አንዳንዴም የመስቀያ ገመድ ስለሚያልፍ፣ ፑንታው ከግድግዳው አልፎ እንዳይገባ ጫፉ ላይ ፕላስተር ጠምጥመው የሚገባበትን ጥልቀት ይወስኑ።

ለጭነት የሚሆነው ሪቬት የማይዝግ ብረት ወይም ሞኔል (የኒኬልና የመዳብ ቅልቅል) ሲሆን የአሉሚኒየም ሪቬት ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ለ4.8 ሚሊሜትር ሪቬት 4.9 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ጥርስ አውጥተው ብሎን ለማሰር የሚያስቡ ደግሞ የምሰሶውን ግድግዳ ውፍረት ይለኩ። የ5 ሚሊሜትር ብሎን አንዱ ጥርስ ከሌላው በ0.8 ሚሊሜትር ይራራቃል፤ ስለዚህ 2.5 ሚሊሜትር ግድግዳ የሚይዘው ሦስት ጥርስ ያህል ብቻ ነው። ይህ ቡሙ በሚወዛወዝበት ቦታ ላይ በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ሪቬት የምመርጠውም ስለዚህ ነው። በቡሙ ላይ ዳዶ ከውስጥ ማስገባት የሚቻል ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው ብሎን ከነዳዶውና ከራንዴላው ነው።

የማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም በጨዋማ እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት ከማሰሪያው ሥር ሲወጣ ያዩታል። የቼሳፒክ ውኃ የወንዝና የባሕር ድብልቅ ቢሆንም ለዚህ የሚበቃ ጨው አለው። ዱራላክ ወይም ቴፍ ጄል የተባለውን ቅባት በእያንዳንዱ ሪቬትና በማሰሪያው ጀርባ ላይ መቀባት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ አለመቀባት ግን ከዓመታት በኋላ የምሰሶ ዋጋ ያስወጣል።

የቡሜ ማጠፊያ በምሰሶው ስንጥቅ (የሸራው የፊት ጠርዝ በሚገባበት ቦይ) ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ዘንግ መግጠም እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን በመጀመሪያ ማጠፊያውን በቦታው ማጽናት አለብዎት። በቆዩት ካታሊና 22 ጀልባዎች ላይ የሚገኘው እንዲህ ያለው ተንሸራታች ማጠፊያ ነው። ከላይ ወዳለው ስሌት ይመለሱ። ዘንጉ ወደ ላይ የሚገፋው 20 ኪሎ ሲሆን የቡሙ ክብደት 10 ኪሎ ብቻ ነው። የቀረውን 10 ኪሎ ወደ ታች መያዝ ያለበት ማጠፊያው ነው። ማጠፊያው ካልተያዘ ቡሙ በዘንጉ ላይ እንደ ሚዛን ይዞርና የፊት ጫፉ በምሰሶው ላይ ሽቅብ ሲንሸራተት የኋላ ጫፉ ይወድቃል። ዘንጉን ገዝተው «አይሠራም» ብለው ከሚመልሱት ሰዎች የብዙዎቹ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

መፍትሔው ከማጠፊያው በላይም በታችም በስንጥቁ ውስጥ የሚጠብቅ ማቆሚያ ማስገባት፣ ወይም ማጠፊያውን በቋሚ መተካት ነው። ከታች ብቻ የሚገባ ማቆሚያ ለቶፒንግ ሊፍት ይበቃል፣ ለዘንግ ግን አይበቃም። ማጠፊያው ከጸና በኋላ የሸራውን የፊት ጠርዝ ቡሙን ወደ ታች በመሳብ መወጠር ስለማይቻል፣ ውጥረቱ በመስቀያ ገመዱ ወይም በሸራው ላይ ባለ ሌላ ገመድ መስተካከል ይኖርበታል።

ዘንጉ ከገባ በኋላ የገመዱን ቫንግ ላውጣው?

የፋይበር ግላሱ ዓይነት ቡሙን ወደ ላይ ብቻ ይገፋል እንጂ ወደ ታች አይስብም፤ ቫንግ ደግሞ ሥራው ወደ ታች መሳብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሞላ ወይም ጋዝ ያላቸው ዘንጎች በአብዛኛው በውስጣቸው ወይም በጎናቸው የሚስብ ገመድና ካሩኮላ ስላላቸው ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ፤ እነሱን ሲገጥሙ አሮጌው ቫንግ ይነሣል።

ቡሙ በምን ያህል ከፍታ እንዲቆም ላድርገው?

ሸራው ወርዶ በላዩ ላይ ታጥፎ ሲታሰር፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚቆም ሰው ራሱ እንዳይነካ ቡሙ አግድም ወይም የኋላ ጫፉ ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን። ሸራው ተሰቅሎ ሲጓዙ ደግሞ የመቆጣጠሪያው ገመድና ቫንጉ ዘንጉን ጥቂት ተጭነው ቡሙን ወደ ታች ያመጡታል። በሐምሌና በነሐሴ ባሕረ ሰላጤው ላይ ነፋስ በሚጠፋባቸው ቀናት ቫንጉን ሲያላሉ ዘንጉ ቡሙን ራሱ ያነሣዋል፤ የሸራው የኋላ ጠርዝ ይከፈትና ደካማው ነፋስ እንኳ በላዩ ላይ መፍሰስ ይችላል። ይህን ቶፒንግ ሊፍት ያለ ሰው እጅ አያደርገውም። ዘንጉ ከልክ በላይ ረዝሞ ከሆነ ግን ቡሙን ለማውረድ ከዘንጉ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ፤ የፋይበር ግላሱ ዓይነት ከሆነ ዘንጎቹን ጥቂት በጥቂት፣ በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲሜትር ሳያልፉ፣ በጥሩ የብረት መጋዝ ያሳጥሩ። ሲቆርጡ የፋይበር ግላሱ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

በትክክል መገጠሙን እንዴት ልፈትሽ?

ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ጀልባዋ ታስራ ሳለች፣ ሸራው በቡሙ ላይ እንዳለ ቡሙን በእጅዎ እየገፉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የጎን ወጣሪ ሽቦዎቹን እስኪነካ ድረስ ይውሰዱት። በመንገዱ ሁሉ ከፍታው ሳይለወጥ፣ ምንም ሳይጨናነቅ መሄድ አለበት። ቀጥሎ ሸራውን ሰቅለው ማንም ከቡሙ ሥር በሌለበት የመስቀያ ገመዱን በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ቡሙ ጥቂት ተወዛውዞ ባለበት ከቆመ ሥራው ተሳክቷል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ እያንዳንዱን ሪቬት በጣት ነክተው መንቀሳቀሱን፣ በዙሪያውም ጥቁር ወይም ነጭ ዱቄት መኖሩን ይመልከቱ። የሚንቀሳቀስ ሪቬት አይጠብቅም፤ ተሰርስሮ ወጥቶ በሌላ ይተካል።

ቡሜ እየተሽከረከረ ሸራውን በራሱ ላይ በመጠቅለል የሚያሳንስ ነው። ምን ዓይነት ድጋፍ ይሆነዋል?

ይህ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። በድሮ ትንንሽ ጀልባዎች፣ በመጀመሪያዎቹ ካታሊና 22 ላይም ጭምር፣ ሸራው የሚያንሰው ቡሙን በማሽከርከር ነበር። እንዲህ ባለ ቡም ላይ ከታች የሚገፋ ዘንግም ሆነ ቫንግ በቋሚነት መግጠም አይቻልም፤ ቡሙ ሲሽከረከር ማሰሪያው አብሮ ይዞራል፣ ሸራውም ይቀደዳል። ቶፒንግ ሊፍት ግን ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ከቡሙ የኋላ ጫፍ ጋር የሚያያዘው ቀለበት ራሱን ችሎ የሚዞር መሆኑ ነው። የመቆጣጠሪያው ገመድም እዚያው ጫፍ ላይ የታሰረ ከሆነ ያው ቀለበት ለሁለቱም ይበቃል። የገመድ መያዣውን በቡሙ ጎን ላይ ማሰር ስለማይቻል የገመዱ ማስተካከያ ወደ ምሰሶው ሥር ይወሰድ፤ ይህም በምሰሶው አናት ላይ ለገመዱ ትንሽ ካሩኮላ ማድረግን ይጠይቃል።

እኔ ግን ሰዎችን ሁሉ የመከርኳቸው ማሽከርከሩን ትተው ሸራውን በገመድ ወደ ታች ስቦ በማሰር ወደ ማሳነስ እንዲዞሩ ነው። ሸራ ሰፊ ጋ ወስዶ አንድ ረድፍ የማሳነሻ ቀለበቶች ማስገጠምና በቡሙ ላይ ሁለት ገመድ መዘርጋት ነው ሥራው። ከዚያ ቡሙ መሽከርከሩን እንዲያቆም ማጠፊያው ላይ በስፒና ይቆለፋል፤ ቡሙ ከተቆለፈ በኋላ ከላይ ከተዘረዘሩት ድጋፎች የፈለጉትን መግጠም ይችላሉ።